ከዶ እስከ ሚ ሁለት እርምጃ ሆኖ ሳለ ለምን "ሦስተኛ" ይባላል?

ኪቦርድ_ጀማሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ኪቦርድ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለ 61 ቁልፍ ነው፣ ሰው የተጠቀመበት ነው የገዛሁት። እጄ እየፈታ ነው፣ ቀለል ያሉ መዝሙሮችን በጆሮዬ እየፈለግኩ እመታለሁ። አሁን ኖታ ማንበብ ልማር ብዬ ስጀምር ግን ኢንተርቫል የሚባለው ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት "ሦስተኛ" ነው ይላሉ። እኔ ስቆጥረው ከዶ ወደ ሬ አንድ፣ ከሬ ወደ ሚ ሁለት። ሁለት ነው። ከሚ እስከ ሶልም "ሦስተኛ" ነው ይባላል። እሺ ይሁን፣ ግን ሦስት ሲደመር ሦስት ስድስት አይደል? ከዶ እስከ ሶል ደግሞ "አምስተኛ" ነው። ሂሳቡ የት ጋ ነው የጠፋው? ደብተሬን ሦስት ገጽ ሞላሁበት፣ አልገባኝም።

አንድ ሌላ ነገር። ዩቲዩብ ላይ የምከታተለው ሰው "ሲ" የሚለው ቁልፍና መጀመሪያ ያስጀመረኝ ጓደኛዬ "ሲ" ያለኝ ቁልፍ አንድ አይደሉም። ማንን ልመን?

ባለ_ክራር፦

ወንድሜ፣ ድምርህ ልክ ነው። የተለየው ስሙን ያወጡት ሰዎች የቆጠሩበት መንገድ ነው። ይሄ አቆጣጠር ደግሞ ለአንተ አዲስ አይደለም፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትቆጥርበት ኖረሃል።

ዛሬ ሰኞ ነው እንበል። ሰው "የዛሬ ስምንት እንገናኝ" ቢልህ መቼ ትሄዳለህ? በሚቀጥለው ሰኞ። ማክሰኞ አትሄድም። ከሰኞ እስከ ሰኞ ሰባት ቀን ነው፣ እኛ ግን ዛሬን ራሱን አንድ ብለን ስለምንጀምር ስምንት እንላለን። ኢንተርቫልም የሚቆጠረው እንደዚሁ ነው። የተነሳህበትን ኖታ አንድ ትላለህ። ዶ አንድ፣ ሬ ሁለት፣ ሚ ሦስት። በቃ "ሦስተኛ" ሆነ።

ኦክታቭ የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፣ ስምንተኛ ማለት ነው። ከዶ ተነስተህ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ብለህ ስምንተኛው ላይ ዶን መልሰህ ታገኘዋለህ፣ የዛሬ ስምንት ሰኞን መልሰህ እንደምታገኘው። ኖታው ያው ዶ ነው፣ ከፍ ብሎ ነው እንጂ።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ ደግሞ ይሄ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ለማለት "የዛሬ አሥራ አምስት" እንላለን አይደል? በፒያኖ ኖታ ላይ ሁለት ኦክታቭ ከፍ አድርገህ ተጫወት ለማለት ከመስመሮቹ በላይ የሚጻፈው ቁጥር 15 ነው። አሥራ ስድስት አይደለም። አንድ ኦክታቭ ሲሆን 8 ይጻፋል። እነሱም እንደ እኛ መነሻውን ቆጥረው ነው የሄዱት።

አሁን ወደ ድምርህ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ስትል ሚ ተቆጠረች። ሚ፣ ፋ፣ ሶል ስትል ሚ እንደገና ተቆጠረች። መሃል ያለችው ኖታ ሁለቴ ስለገባች ሁለት ኢንተርቫል ስትደምር ሁልጊዜ አንድ ቀንስ። ሦስትና ሦስት አምስት ይሆናል። አራትና አምስት ስምንት ይሆናል፣ ከዶ እስከ ፋ አራተኛ፣ ከፋ እስከ ላይኛው ዶ አምስተኛ፣ ጠቅላላው ኦክታቭ። የራስህን ኪቦርድ ተመልከት፣ 61 ቁልፍ ነው ያልከው። አምስት ኦክታቭ በአሥራ ሁለት ብታባዛው 60 ነው። አንዷ ትርፍ የመጨረሻዋ ዶ ናት።

እናት_በሜሪላንድ፦

የሲን ነገር እኔ ልመልስ፣ ቤቴ ውስጥ በየሳምንቱ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ፒያኖ ትማራለች። እዚህ ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጠሯቸው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ መዘምራን ውስጥ የተማርኩት በዶ ሬ ሚ ነው። እሷ "ማሚ፣ ሲ ምቺልኝ" ስትለኝ እኔ የምመታው ከዶ በስተግራ ያለችውን የመጨረሻዋን ሲ ነበር። እሷ የፈለገችው ግን ዶን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፣ አብረው ሲመቱ ጆሮ ይቆርጣሉ። ልጅቷ እኔ ፒያኖ የማላውቅ መስሏት ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ሰዎችህ ልክ ናቸው። በእንግሊዝኛው ፊደል ዶ ሲ ትባላለች፣ ሬ ዲ፣ ሚ ኢ፣ ፋ ኤፍ፣ ሶል ጂ፣ ላ ኤ፣ የዶ ሬ ሚዋ ሲ ደግሞ ቢ። በአማርኛ ስንጽፈው ሁለቱ ሲዎች አንድ ፊደል ስለሆኑ ማንም ይሳሳታል። እባካችሁ እዚህ ውይይት ላይ ሁላችንም በዶ ሬ ሚ እንጻፍ።

የማታ_አስተማሪ፦

የእህታችን ምክር ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንድ መዘምራን ውስጥ ዶ ማለት መዝሙሩ የሚነሳበት ድምፅ ነው፣ የትኛውም ቁልፍ ይሁን። ያም ትክክለኛ አሠራር ነው። እዚህ ግን ዶ ስንል ሁልጊዜ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችውን ነጭ ቁልፍ እንበል።

ኪቦርድ_ጀማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የዛሬ ስምንቷ ነገር በአንድ ጊዜ ገባችኝ፣ ለእናቴም ነገርኳት። የሲውም ነገር ተፈታልኝ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሦስተኛዎችን በሙሉ መታኋቸው። ዶና ሚ፣ ሬና ፋ፣ ሚና ሶል እያልኩ። ሁሉም ሦስተኛ ናቸው፣ ግን ድምፃቸው አንድ አይደለም። ዶና ሚ ፈካ ያለ ነው፣ ሬና ፋ ሆድ የሚያባባ ነገር አለው። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነት ነው?

የማታ_አስተማሪ፦

እውነት ነው። ይህን ሳይነግሩህ በጆሮህ መስማትህ ትልቅ ነገር ነው፣ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሕጉን ይሸመድዱና ድምፁን ኋላ ነው የሚሰሙት።

ነጭ ቁልፎቹ እኩል የተራራቁ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። በዶና በሬ መካከል ጥቁር ቁልፍ አለ። በሚና በፋ መካከል ግን የለም፣ በሲና በዶ መካከልም የለም። ከአንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር ሳትዘል ስትሄድ፣ ያቺ ትንሿ ርቀት ሰሚቶን ትባላለች። ኦክታቭ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰሚቶን አለ።

አሁን ዶና ሚን በሰሚቶን ቁጠር፣ አራት ነው። ሬና ፋ ሦስት ነው። ባለ አራቱ ሜጀር ሦስተኛ ይባላል፣ ባለ ሦስቱ ማይነር ሦስተኛ። የሰማኸው ልዩነት ያ አንድ ሰሚቶን ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፣ ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብብ። ስሙን ስትቆጥር መነሻውን አንድ ትላለህ፣ ባለ ክራር እንዳለው። ሰሚቶን ስትቆጥር ግን መነሻውን አትቆጥርም፣ እርምጃውን ነው የምትቆጥረው፣ ጣትህ ከዶ ተነስቶ ጥቁሩ ላይ ሲያርፍ ነው አንድ የሚባለው። ሁለት ዓይነት ቆጠራ ነው። የኖታ ስሞች ብዛት ሦስተኛ ነው ወይስ አራተኛ የሚለውን ይነግርሃል፣ የሰሚቶን ብዛት ደግሞ ምን ዓይነት ሦስተኛ እንደሆነ ይነግርሃል።

ሁለተኛ ባለ አንድ ሰሚቶን ማይነር፣ ባለ ሁለት ሜጀር ነው። አራተኛ አምስት ሰሚቶን ሲሆን ፐርፌክት ይባላል፣ አምስተኛም ሰባት ሲሆን ፐርፌክት ነው። ስድስተኛ ስምንት ወይም ዘጠኝ፣ ሰባተኛ አሥር ወይም አሥራ አንድ፣ ትንሹ ማይነር ትልቁ ሜጀር። ስድስት ሰሚቶን መሃል ላይ ቀረች አይደል? ከፋ ወደ ሲ ሂድ፣ ታገኛታለህ። ማረፊያ የሌላት ድምፅ ናት፣ ወደ ሌላ ቦታ ትገፋሃለች። እሷን ለብቻ ቀን መድብላት።

ኳየር_ባንድ፦

ኖታ ማንበብ ብለሃል፣ ማንም ስላላነሳው እኔ ልበል። አምስቱ መስመሮች ላይ ኢንተርቫል በዓይን ይታያል። እያንዳንዱን ኖታ በስሙ እየጠራህ ማንበብ ካለብህ መቼም አትደርስም።

አንዱ ኖታ መስመር ላይ፣ ቀጣዩ ከሱ በላይ ባለው መስመር ላይ ከሆነ ሦስተኛ ነው። ሁለቱም ተከታታይ ክፍት ቦታ ላይ ከሆኑም ሦስተኛ ነው። አንዱ መስመር ላይ ሌላው አጠገቡ ባለው ክፍት ቦታ ከሆነ ሁለተኛ ነው። ጎዶሎ ቁጥሮች፣ ሦስተኛ አምስተኛ ሰባተኛ፣ ሁልጊዜ መስመር ከመስመር ወይም ክፍት ከክፍት ናቸው። ተጋማሽ ቁጥሮች፣ ሁለተኛ አራተኛ ስድስተኛ፣ ይቀላቅላሉ። ለዚህ ነው ኦክታቭ የሚያስቸግረው፣ ታችኛው ዶ መስመር ላይ ከሆነ ላይኛው ዶ ክፍት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ትሬብል ክሌፍ የሚባለው ጥቅልል ምልክት ሆዱ የሚዞረው ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፣ እዚያ ሶል አለች። ሶልን ያዝ፣ ሌላውን በርቀት አግኘው። እኔ እንደዚህ ነው ያነበብኩት፣ አንዲት ኖታ ብትጠፋብኝ ጎረቤቷን ነው የምጠይቀው።

ባለ_ክራር፦

አሁን የምወደው ቦታ ደረስን። ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ የምትማረው ለምን እንደሆነ ላሳይህ። ቅኝቶቻችን የኢንተርቫል ጉዳይ ናቸው። አምስት ድምፅ ነው የሚይዙት፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በሰሚቶን ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ከላ ወደ ላይኛው ዶ ሦስት። ደምረው፣ አሥራ ሁለት ይመጣል። አሥራ ሁለት ካልመጣ አንድ ቦታ ስተሃል።

ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፣ ፍላት ማለት በአንድ ሰሚቶን የወረደ ነው። ሁለት፣ አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ አራት። ሁለት ኖታ ብቻ ነው የወረደው፣ ግን ስሜቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ምታውና ስማው።

አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አራት። ገና ከመነሻው በአንድ ሰሚቶን ተጠግቶ ከዚያ በአራት ይዘላል፣ አምባሰልን ከሩቅ የምታውቀው በዚያ ዝላይ ነው። ባቲ ሜጀር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ይዘላል ኋላ ይጠጋል፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት።

አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ (በአንድ ሰሚቶን ከፍ ያለች ፋ)፣ ላ። አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ሦስት። ከሁሉም እሱ ብቻ ነው ከመነሻው ፐርፌክት አምስተኛ የሌለው። ሶልን ፈልገህ አታገኛትም። ለዚህ ነው አንቺ ሆዬ ሲሰማ መሬት የለቀቀ የሚመስለው።

ባለ ስድስት ክር ክራር ካገኘህ አምስቱ ክር እነዚህን ይይዛል፣ ስድስተኛው የመነሻው ኦክታቭ ነው። ቅኝት መለወጥ ማለት ክሮቹን አጥብቆ ወይም አላልቶ እነዚህን ርቀቶች መለወጥ ነው። ኪቦርድ ላይ ጣት ትቀይራለህ፣ ክራር ላይ መሣሪያው ራሱ ይቀየራል።

የማታ_አስተማሪ፦

ባለ ክራር፣ በጣም ጥሩ ነው፣ አንድ እርማት ብቻ። አንቺ ሆዬ ላይ ፋ ሻርፕ ብለህ ከምትጽፍ ሶል ፍላት ብትለው ይሻላል። ቁልፉ አንድ ነው፣ ግን በስም ስትቆጥር ፋ እና ፋ ሻርፕ አንድ ስም ሁለቴ መውሰድ ነው። ቅኝቱ ውስጥ የሶልን ቦታ የያዘችው የወረደች ሶል ናት። ደግሞ አምስት ድምፅ በአምስት ስም ሲጻፍ መስመሩ ላይ በግልጽ ይነበባል፣ ፋ ሁለቴ ከተጻፈች ግን በየጊዜው ምልክቱን ማጥፋትና መመለስ ይመጣል።

ባለ_ክራር፦

ልክ ነህ፣ ሶል ፍላት ይሁን። እኔ በክር ስለማስብ ስሙን ችላ ብዬው ነው፣ አመሰግናለሁ።

ማሲንቆ_በእጄ፦

ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት፣ ደስ ይላል። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ማሲንቆ ከአባቴ ነው የተማርኩት። አንድ የፈረስ ጭራ ነው፣ ጣቴን የሚያቆመው መስመር የለም። ትዝታን ስመታ ሦስተኛዋን ድምፅ የማስቀምጣት ጆሮዬ ደስ የሚለው ቦታ ላይ ነው። ኪቦርድ ካለበት ባንድ ጋር ስጫወት ግን ያቺ ድምፅ ትጣላብኛለች። የእነሱ ትንሽ ከፍ ትላለች። እንግዲህ ሁለት ሁለት ሦስት ብላችሁ ቆጥራችሁ ስታስተምሩት፣ ይህ ልጅ እውነተኛዋን ድምፅ መቼ ሊሰማት ነው?

የማታ_አስተማሪ፦

ጋሼ፣ ያሉት ነገር በቁጥርም ይታያል፣ ስለዚህ ላስቀምጠው።

ላ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። የላይኛው ላ 880 ነው፣ ታችኛው 220። ኦክታቭ እጥፍ ማለት ነው። ጆሮ የሚወዳቸው ሌሎች ርቀቶችም ቀላል ክፍልፋይ ናቸው። ንጹሕ አምስተኛ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ ከ440 ተነስቶ 660 ይሆናል። ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ አንድ ከሩብ ነው፣ 550።

ኪቦርድ ግን ኦክታቭን ለአሥራ ሁለት እኩል ነው የሚከፍለው፣ ከየትኛውም ቁልፍ ተነስቶ አንድ ዓይነት እንዲሆን። ስለዚህ አምስተኛው 659.26 ላይ ያርፋል፣ ማንም ሰው ልዩነቱን ለማግኘት ይቸገራል። ሜጀር ሦስተኛው ግን 554.37 ላይ ነው። ከንጹሑ በአራት ይበልጣል። ጋሼ በጆሯቸው 550ን ሲይዙ ኪቦርዱ 554 ሲል ሁለቱ አብረው በሴኮንድ አራት ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣሉ። ትጣላብኛለች ያሉት ያ መንቀጥቀጥ ነው። ጆሮዎ አልሳተም ጋሼ።

ቢሆንም መቁጠሩን አልተውም። አራት ሰሚቶን የሚለው ሰፈሩን ይነግራል፣ በሩን የሚያሳየው ጆሮ ነው። ሰፈሩን ለማያውቅ ጀማሪ በሩን ፈልግ ማለት ከባድ ነው።

ማሲንቆ_በእጄ፦

ተግባባን ልጄ። እንግዲያው ይህን ጨምርበት፣ ልጁ ከመምታቱ በፊት በአፉ ያዚመው። በአፉ ያላዜመውን ርቀት ጣቱ አያገኘውም።

ቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ፦

ጋሼ ባሉት ላይ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ትንሽ ልጨምር። የዜማ ምልክቶቻችንን ድጓ ላይ አይታችሁ ይሆናል፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድርስ። ከቃሉ በላይ ነው የሚጻፉት። እነዚህ በኢንተርቫል አይነበቡም። ምልክቱ ይህን ያህል ውጣ አይልህም፣ ቀድሞ ከመምህርህ አፍ የተቀበልከውን ዜማ ያስታውስሃል። መምህር ሳይኖር ምልክቱን ብቻ ይዞ የሚያዜም የለም። አምስት መስመር ላይ የተጻፈን ኖታ ግን ሰምተኸው የማታውቀውን ዜማ እንኳ ታነበዋለህ። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ በሌላው አይለካም። እኔ ሁለቱንም ተምሬአለሁ፣ በአፍ ማዜም ይቅደም የሚለውን ሁለቱም ቤት ነው የሰማሁት።

ኪቦርድ_ጀማሪ፦

ሳምንት ጠፍቼ ነበር። ጋሼ እንዳሉት በየቀኑ ማለዳ እያዜምኩ ከዚያ መታሁ። መጀመሪያ አራተኛና አምስተኛ እየተምታቱብኝ ነበር፣ አሁን በአብዛኛው እለያቸዋለሁ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አጋጠመኝ። ትዝታ ማይነርን ከዶ ጀምሬ እየመታሁ ሳለ ሳላስበው ሶል ላይ አረፍኩና ከዚያ ቀጠልኩ። ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። ድምፁ ተቀየረ። ርቀቱን ቆጠርኩት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፣ አራት። ይሄ አምባሰል አይደለም? አንድ ኖታ እንኳ አልቀየርኩም!

ባለ_ክራር፦

አምባሰል ነው! አምስቱ ኖታዎች ያው ናቸው፣ ቤት ያደረግከው ድምፅ ነው የተለወጠው። ሶል ላይ አርፈህ፣ ወደ ሶል እየተመለስክ ከተጫወትክ ጆሮ መነሻውን ሶል ያደርገዋል፣ ርቀቶቹንም ከዚያ ይለካል። አሁን ትዝታ ሜጀርን ውሰድና ከላ ተነሳ። ምን እንዳገኘህ ንገረን።

እናት_በሜሪላንድ፦

ልጄ ቀደመችው። አጠገቤ ቁጭ ብላ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል መታችና ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ብላ ጻፈች። ባቲ ማይነር ነው ብላለች፣ ከላይ የጻፋችሁትን ከሰሚቶኑ ጋር አመሳክራ። አሁን ደግሞ አንቺ ሆዬን ከየትኛው ቅኝት ማግኘት እንደሚቻል እየፈለገች ነው፣ እስካሁን አላገኘችም።

የማታ_አስተማሪ፦

ጎበዝ በይልኝ። ከሌሎቹ ከአንዳቸውም አታገኘውም፣ ግን አሁን አትንገሪያት። አምስቱንም መነሻ ትሞክረው፣ ቁጥሮቹን በወረቀት እየጻፈች።